ተማሪን ለመማር የሚያነሣሣ መምህር ምን ያደርጋል? በድሬዳዋ ማስተማር ለሚጀምሩ መምህራን

ማስተማር ለሚጀምር ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር «ተማሪዎችህን ውደዳቸው፣ አበረታታቸው» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፍቅርና ማበረታቻ ክፍል ውስጥ በምን በምን ሥራ እንደሚገለጡ ካልተነገረው፣ አዲሱ መምህር «ጎበዝ!» እና «በርቱ!» ከማለት አያልፍም። እኔ እንደማምነው ተማሪን የሚያነሣሣው መምህሩ የልጁን ሥራ በጥንቃቄ ማየቱና ያየውንም ለልጁ በግልጽ መንገሩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ከሚያስተምሩት ምዕራፍ ውስጥ እርስዎን ራስዎን የሚያስደንቅዎትን ቦታ ይፈልጉ። ተማሪ የመምህሩን ስሜት ወዲያው ያውቃል፤ ድምፅን ከፍ በማድረግ ወይም በመወራጨት የሚታለል ልጅ የለም። ለምሳሌ ብረት በሙቀት እንደሚረዝም የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅ ዕድል አለው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው፤ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሁለት ብረቶች በሚጋጠሙበት ቦታ የተተወችውን ጠባብ ክፍተት ያዩ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ለምን እንደተተወች የጠየቃቸው ግን ላይኖር ይችላል። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ከመጻፍዎ በፊት «ያቺ ክፍተት ባትኖር የግንቦት ፀሐይ ሐዲዱን ምን ያደርገው ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያም ዝም ይበሉ።

ይህ ዝምታ ራሱን የቻለ የማስተማር ሥራ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚታገሡ መዝነው ነበር፤ አብዛኞቹ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መምህራኑ ቢያንስ 3 ሰከንድ መጠበቅን ሲለማመዱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ በራሳቸው ተነሣሽነት የሚናገሩት በረከቱ፣ «አላውቅም» የሚሉትም ቀነሱ። በእኛ ከተማ ይህ ትዕግሥት የበለጠ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በቤታቸው የሚናገሩ ልጆች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከኋላ ወንበር ዝም ያለችው ልጅ መልሱን አውቃው ቃል እየፈለገችለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እጁን ያወጣውን ልጅ ወዲያው አይጥሩት፤ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ጥያቄው ከበድ ያለ ከሆነም ልጆቹ ከአጠገባቸው ካለው ተማሪ ጋር በሚቀናቸው ቋንቋ ለአንድ ደቂቃ እንዲነጋገሩ ያድርጉና ከዚያ በኋላ መልሱን ይቀበሉ።

ስለ ምስጋናም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በጥረታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው መታገላቸውን ሲቀጥሉ፣ «ብልህ ናችሁ» ተብለው የተመሰገኑት ግን ቶሎ ተስፋ እንደቆረጡ አሳይተዋል። ብልህ የተባለ ልጅ ሲሳሳት ብልህነቱን ያጣ ይመስለዋልና። ስለዚህ ምስጋናዎ ልጁ ያደረገውን አንድ የተወሰነ ነገር ይጥቀስ፤ «ሁለተኛውን መስመር ሰርዘህ እንደገና መጀመርህ ነው ለመልሱ ያበቃህ» ማለት «ጎበዝ» ከማለት ይበልጣል።

ለዚህ የሚመቸው ቦታ ደብተር ነው። ተማሪው ስድሳ በሆነበት ክፍል በየቀኑ የሁሉንም ደብተር ማረም አይቻልም፤ በተራ አሥር አሥር ደብተር ወስዶ በእያንዳንዱ ላይ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ግን ይቻላል። አንዲት ተማሪ ስሌቱን እስከ መጨረሻው ሠርታ ውጤቱ ተሳስቶባት ከሆነ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እርስዎ ግን «አካሄድሽ ትክክል ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር አልለወጥሽውም። እሱን አስተካክለሽ ነገ አሳዪኝ» ብለው ይጻፉላት። በማግሥቱም ሳትጠይቅዎ እርስዎ ይጠይቋት። ልጅቱ የምትተማመንብዎት በዚያች የማግሥት ጥያቄ ነው።

ማበረታታት ማለት ግን ነጥብ መለገስ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያላወቀውን ልጅ ከዓመት ዓመት «ጥሩ ነው» እያሉ ማሳለፍ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ እውነቱን ማንም ሊረዳው በማይችልበት ቀን ብቻውን እንዲሰማ ያደርገዋል። ድክመቱን ገና በጊዜ፣ ከመውጫው መንገድ ጋር አያይዘው ይንገሩት።

በከሰዓት ፈረቃ የሚያስተምሩ ከሆነ ሙቀቱን አይታገሉት፤ ረጅሙን ገለጻ ትተው ልጆቹ ቆመው ወደ ሰሌዳው የሚወጡበትን ሥራ ያብዙ። የጂኦግራፊ መምህራንም የደቻቱን ወንዝ አይርሱት። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደረቁን አሸዋ እንዴት በጎርፍ እንደሚሞላው ከመጽሐፍ ይልቅ የወንዙ ዳር ያስረዳል፤ ጉብኝቱ ግን በበጋ ወራት ብቻ ይሁን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ስለገደለ፣ ከተማሪዎችዎ መካከል ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ልጅ ሊኖር እንደሚችል ዐውቀው በጥንቃቄ ይናገሩ።

በመጨረሻም ወላጅን ለክስ ብቻ አይጥሩ። ልጃቸው አንድ ነገር በተሻለ ሁኔታ በሠራበት ሳምንት ደውለው ያንኑ ነገር በስሙ ጠርተው ይንገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መቅረትም ሆነ ስለ ውጤት ቢደውሉ የሚሰማዎት ወላጅ ያገኛሉ። ወላጁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀናቸው አስቀድመው ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም ልጁን ራሱን አያድርጉት፣ ስለ ራሱ የተነገረውን ምስጋና ሊያፍርበትና ግማሹን ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባዎን ይጠይቁ።