ሰደድ እሳት ያወደመውን ቤት መልሶ ለመሥራት በሎስ አንጀለስ የግንባታ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በፓሊሴድስና በኢተን እሳቶች ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ የነበረውን ዓይነት ቤት መልሶ መሥራት፣ ወይም የተለየ ቤት መሥራት። የመጀመሪያው መንገድ በጣም ያጥራል። የካሊፎርኒያ ገዥ በዚያው ወር ባወጣው ትእዛዝ መሠረት አዲሱ ቤት የሚያርፍበት ስፋትና ቁመቱ ከቀድሞው 110 በመቶ ካላለፈ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም ሆነ የባሕር ዳርቻ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ አርክቴክት ከመቅጠርዎ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ፣ የተቃጠለው ቤት በመንግሥት መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ተመዝግቦ እንደነበር ነው።

1. ጉዳይዎን የሚያየውን ቢሮ ይለዩ

አልታዲና የራሱ ከተማ አስተዳደር ስለሌለው ፈቃዱን የሚሰጠው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነው። ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በሎስ አንጀለስ ከተማ ሥር ነው። ፓሳዲናና ማሊቡ ግን የየራሳቸው ቢሮ አላቸው። የፖስታ አድራሻ ብቻውን ስለሚያሳስት በንብረት ግብር ደረሰኝዎ ላይ ያለውን የይዞታ ቁጥር ይዘው ያጣሩ።

2. የቀድሞውን ቤት በወረቀት ያስመስክሩ

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ከግንባታ ቢሮው የድሮ ፈቃዶችንና የጸደቁ ፕላኖችን ቅጂ ይጠይቁ። ከካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ (አሴሰር) ደግሞ የተመዘገበውን የወለል ስፋት፣ የክፍሎቹን ብዛትና ቤቱ የተሠራበትን ዓመት የሚያሳየውን መዝገብ ይውሰዱ። ቤቱን ሲገዙ ባንኩ ያስገመተበት ሰነድ ብዙውን ጊዜ የልኬት ንድፍ አለው፤ ባንኩ ወይም የሽያጭ ወኪሉ ጋ ቅጂው ሊገኝ ይችላል። ፎቶዎችና የሳተላይት ምስሎችም ይረዳሉ፤ ዋናውን ማስረጃ ግን አይተኩም።

መዝገቡና እውነታው ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚፈጠር እንይ። ፎቅ የሌለው ቤት በፈቃድ የተሠራው 1,500 ስኩዌር ፊት ነው እንበል፤ ኋላ ላይ ያለ ፈቃድ 300 ስኩዌር ፊት ክፍል ተቀጠለበት። ባለቤቱ “ቤቴ 1,800 ነበር” ብሎ 1,980 የሚሆን ፕላን ያሠራል። የቢሮው ፕላን መርማሪ ግን የሚነሳው ከ1,500 ስለሆነ የሚፈቀደው ከፍተኛ ስፋት 1,650 ነው። ፕላኑ ከአጭሩ መንገድ ይወጣና ወይ እንደገና ይሣላል ወይ ረጅሙን ሂደት ይጀምራል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ካለ ለአርክቴክቱ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ፤ ተደብቆ አይቀርም።

3. ፍርስራሹ መጽዳቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይያዙ

በመንግሥት ፕሮግራም ከተጸዳ የማጠናቀቂያ ደብዳቤውን፣ በግል ከተጸዳ ቢሮው ሥራውን ተቀብሎ የፈረመበትን ወረቀት ያስቀምጡ። የድሮውን መሠረት ለመጠቀም ካሰቡ ቆም ብለው ያስቡበት። ኃይለኛ ሙቀት ኮንክሪትን ከውስጥ ይሰነጥቃል፣ የብረቱንም ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ቢሮው በመሐንዲስ ተመርምሮ የተፈረመ ሪፖርት ስለሚጠይቅ፣ የምርመራውንና የጥገናውን ወጪ ከአዲስ መሠረት ዋጋ ጋር ያስተያዩ። አዲስ ማውጣቱ በብዙ ሁኔታ የሚሻል ይመስለናል።

አፈሩንም ለእርሳስና ለአርሰኒክ ያስመርምሩ። በተለይ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ ይህን አይዝለሉት።

4. ፕላኑ በዛሬው ሕግ ይሠራ

ቤቱ እንደነበረው ይሠራል ማለት በድሮው ሕግ ይሠራል ማለት አይደለም። ቦታው በከፍተኛ የእሳት አደጋ ቀጠና ውስጥ ከሆነ “ክፍል ኤ” የሚባለው እሳትን በመቋቋም ከፍተኛ ደረጃ ያለው ጣራ፣ በቀላሉ የማይቀጣጠል የውጭ ግድግዳ፣ ቢያንስ አንደኛው መስታወቱ ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) የሆነ ድርብ መስኮትና ቅጠል የማይጠራቀምበት አሽንዳ ይጠየቃል። የጣራ ሥርና የወለል ሥር አየር ማስገቢያዎች ፍንጣሪ የማያስገቡ መሆን አለባቸው፤ የወንፊታቸው ቀዳዳ ከ1/16 እስከ 1/8 ኢንች ነው። ዋናው የእሳት ነበልባል ሳይደርስ፣ ነፋስ የሚያመጣው ፍንጣሪ በእነዚህ ገብቶ ቤትን ከውስጥ ያነዳልና ይህን ትንሽ ዝርዝር አይናቁት። የቀጠና ካርታዎቹ በ2025 ስለታደሱ በድሮው አይመኑ።

ሌላው የሚረሳው ውሃ ነው። ለስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ቤት ውስጥ ውሃ ለሚረጨው መሣሪያ) የድሮው ቆጣሪ ላይበቃ ይችላል፤ የቆጣሪ ለውጥ ደግሞ የውሃ ድርጅቱን ስለሚጠይቅ ፕላኑ ሳያልቅ ያመልክቱ። ሴፕቲክ ታንክ ካለ የጤና ቢሮው ይሁንታ ያስፈልጋል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ የአፈርና የጂኦሎጂ ሪፖርት ይጨመራል።

እግረ መንገድዎን የኢንሹራንስ ውልዎ “የግንባታ ሕግ ማሻሻያ” ሽፋን እንዳለው ይመልከቱ፤ አዲሱ ሕግ የሚያመጣውን ተጨማሪ ወጪ የሚከፍለው እሱ ነው።

5. ያስገቡ፣ እርማቱን በተራ ቁጥሩ ይመልሱ

የመዋቅር ስሌት፣ የኢነርጂ ስሌትና የቀያሽ የወሰን ካርታ ከፕላኑ ጋር አብረው ይግቡ። መርማሪው የእርማት ዝርዝር መላኩ የተለመደ ነው፤ አያስደንግጥዎ። ለእያንዳንዱ ነጥብ “ገጽ ይህ፣ ሥዕል ይህ ላይ ተስተካክሏል” የሚል የጽሑፍ መልስ ያያይዙ። ግማሹን መልሶ ማስገባት ሌላ ሙሉ ዙር ያስጠብቃል።

6. ኮንትራክተሩና የፈቃዱ ዕድሜ

የኮንትራክተሩን የሥራ ፈቃድ ራስዎ በስቴቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ያጣሩ። በካሊፎርኒያ ሕግ ለቤት ሥራ የሚጠየቅ ቅድመ ክፍያ ከ1,000 ዶላር ወይም ከውሉ 10 በመቶ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ካለ አይፈርሙ።

የግንባታ ፈቃዱ ከወጣ በ12 ወር ውስጥ ሥራ ካልተጀመረ ጊዜው ያልፍበታል፤ ገንዘቡ ከኢንሹራንስ እየዘገየ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሥራው ሲጀመርም ኮንክሪት ከመሞላቱና ግድግዳ ከመሸፈኑ በፊት ተቆጣጣሪው አይቶ መፈረም አለበት። የተሸፈነው ግድግዳ ካልተፈረመበት ያስፈርሳል።