ድርጅት ዘግቶ ከዕዳ ጋር መቅረት፦ ባለቤቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

«ድርጅቱ ፈርሷል፣ ዕዳውም አብሮ አለቀ» የሚል ሰው ብዙ ነው። መነሻው ልክ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት (በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት)፣ ሰሎሞን የተባለ ጫማ አምራች በከሰረው ኩባንያው ዕዳ በግሉ አይጠየቅም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ ይህን ከለላ ባለቤቱ ራሱ በእጁ ሲያፈርሰው ነው። (በስምዎ ብቻ የሚነግዱ ወይም ተራ ሽርክና ውስጥ ያሉ ከሆነ ደግሞ ከለላው መጀመሪያውኑ የለም።)

የፈረሙትን ዋስትና መርሳት። ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ያስፈርማል። አንዱን በሥራ አስኪያጅነት፣ ማኅተም አድርገው ይፈርማሉ። ሌላውን ግን በራስዎ ስም፣ እንደ ዋስ። ኩባንያው ሲፈርስ ሁለተኛው ወረቀት አይፈርስም። ቢሮ አከራይም እንዲሁ ያስፈርማል። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት የድሮ ፋይሎችን ያገላብጡ። ከዋስትናው ነጻ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤም ይቀበሉ፤ የቃል ተስፋ ዋጋ የለውም።

ዕዳ ሳይከፍሉ መካፈል። ሒሳቡ ላይ 300 ሺህ አለ እንበል፣ ዕዳው 200 ሺህ ነው። ሁለት ባለድርሻዎች 150 ሺህ፣ 150 ሺህ ተካፍለው ቤታቸው ገቡ። በብዙ አገር ሕግ ገንዘብ ጠያቂው በወሰዱት ልክ ሊከተላቸው ይችላል። ቅድሚያ የዕዳ ነው፣ ድርሻ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መኪናውን ወይም ኮምፒውተሩን ወደ ቤት መውሰድም መካፈል ነው።

ኪስን መቀላቀል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ሒሳብ ሲወጣ ከኖረ፣ ፍርድ ቤት «ኩባንያውና አንተ አንድ ናችሁ» ሊል ይችላል።

በዝምታ መዝጋት። ለገንዘብ ጠያቂዎች በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ማሳወቅዎን የሚያሳይ ማስረጃም ይያዙ። ሕጉ ቀነ ገደብ ካስቀመጠ፣ ዘግይቶ የሚመጣን ጥያቄ የሚከላከሉት በዚሁ ማስረጃ ነው።

ከደመወዝ የተቀነሰ ግብርን አለማስገባት። ገንዘቡ የኩባንያው አይደለም፣ ከሠራተኛው ተቀንሶ የተያዘ አደራ ነው። ብዙ አገሮች በዚህ ሥራ አስኪያጁን በግሉ ይጠይቃሉ።

በድሮው ማኅተም አዲስ ውል መፈረም። ኩባንያው ከተሰረዘ በኋላ «የመጨረሻዋን ሥራ ልጨርሳት» ብለው በስሙ ከፈረሙ፣ በውሉ ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።