አክሰስ (የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ላይ የመዘገቡት ሠራተኛ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

የስልኩ የፊት 0 ጠፋ። ዓምዱ ቁጥር ተብሎ ተከፍቷል። ወደ ሾርት ቴክስት (የጽሑፍ ዓይነት) ቀይሩት። የጠፋው 0 ግን በራሱ አይመለስም፤ በአፕዴት ኩዌሪ (ብዙ መዝገብ ባንዴ በሚቀይር ትእዛዝ) መልሳችሁ ቀጥሉት።

ፋይሉ አበጠ። መዝገብ ስለሰረዛችሁ ብቻ አያንስም። ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር (ፋይሉን የሚያጠብና የሚጠግን የአክሰስ ትእዛዝ) አድርጉ። ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው።

ቀኑ ተዛባ። የእኛን ቀን በዴት ዓምድ አታስገቡ! ጥቅምት 30ን (30/2/2016) እምቢ ይላል። ጳጉሜ 5ን (5/13/2016) ደግሞ ዝም ብሎ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበላል። የሚያስፈራው እምቢ ያለው ሳይሆን የተቀበለው ነው።

«መዝግቤዋለሁ፣ ስፈልገው ግን የለም።» ዘጠኝ ጊዜ ብትጠሩኝ ስምንቱ ይኸው ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለአክሰስ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዓለምፀሐይን ውሰዱ፦ አ ወይም ዓ፣ ፀ ወይም ጸ፣ ሐ ወይም ሀ ወይም ኀ። 12 ዓይነት አጻጻፍ! አንድ ቢሮ አንዲትን ሴት ሦስት ቦታ መዝግቦ አገኘሁ። የዓመት ፈቃዷም ለሦስት ተከፋፍሏል። እሷ ግን አንድ ናት፣ ደክሟታል። ገብረ ኪዳን፣ ገብረኪዳን፣ ገ/ኪዳን የሚለውን ጣጣ ገና አልነካሁም።

መፍትሄው «መፈለጊያ» የሚባል ተጨማሪ ዓምድ ነው። ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ቴብል (ሰንጠረዥ) ክፈቱ፤ «ከ» እና «ወደ»። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ፊደሎች 35 ረድፍ ይሆናሉ። ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37። ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ዓ ወደ አ ይሂዱ። ከዚያ በቪዥዋል ቤዚክ (በአክሰስ የኮድ ቋንቋ) የምትጽፉት ኮድ ቴብሉን እያነበበ የስሙን ፊደሎች በሪፕሌስ (በመተኪያ ትእዛዝ) ይቀይር፤ ክፍት ቦታውንም ያውጣ፤ ውጤቱን «መፈለጊያ» ላይ ያስቀምጥ። ፊደሎቹን ኮዱ ውስጥ አትጻፉ፤ የቪዥዋል ቤዚክ መጻፊያው ግዕዙን የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ አቃጥያለሁ። ፎርሙ ላይ የተጻፈውም ስም በዚያው ኮድ አልፎ ይፈለግ።

ዋናውን የስም ዓምድ ግን አትንኩ። አትንኩ! አንዱ «ላስተካክል» ብሎ ሁሉንም ሠ ሰ አደረገው። የደመወዝ ዝርዝሩ ከባንክ ደብተሩ ስም ጋር አልገጥም ብሎ ወሩ አለቀ።

ድርብ መዝገብ ስትሰርዙ መጀመሪያ ባክአፕ። ቀጥሎ ፈቃዱን፣ ቅጣቱን፣ እድገቱን ወደሚቀረው መለያ ቁጥር አዛውሩ። ካስኬድ ዲሊት (ተያያዥ መዝገቦችን አብሮ የሚሰርዝ ምርጫ) ከበራ፣ ስሙን ስትሰርዙ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። አንዲት ልጅ ይህ ደርሶባት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ባክአፑም ከስድስት ወር በፊት የተወሰደ ነበር።

ፋይሉ አልከፈት አለ። ሁሉም አንዱን ፋይል በዋይፋይ ከፍተው መብራት ሄዷል፣ አይደል? ቴብሎቹን ለብቻ ሰርቨር ላይ፣ ፎርሞቹን በየኮምፒውተሩ አድርጉ፤ በገመድ።

ስሙ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ታየ። የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ወደ ዩኒኮድ (የዛሬው መደበኛ የፊደል ኮድ) ሳይቀየር ፍለጋው አይሠራም።