ከኮዱ በፊት ቆቡ፦ ወደ ኒውራል ኢንጂነሪንግ ላብራቶሪ ለምትገቡ

የምሠራው እዚህ ሚኒያፖሊስ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ የኒውራል ኢንጂነሪንግ ላብራቶሪ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሲግናል ቀድተን የምናጠናበት ቦታ። ተማሪም ፕሮፌሰርም አይደለሁም። መሣሪያውን የማስተካክለው፣ ተሳታፊዎችን የምቀጥረው፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አዳዲስ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ይመጣሉ። የኛም ልጆች አሉበት።

አብዛኞቹ ሲመጡ ለኮድ ቸኩለው ነው። ማሽን ለርኒንጉን ተምረዋል፣ ላፕቶፑ ዝግጁ ነው፣ ዳታ ብቻ ስጡን ይላሉ። እኔ ሁሌም የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ የአንጎልን ሲግናል መቅዳት ተማሩ። ሲግናሉ ገና ጭንቅላቱ ላይ ከተበላሸ፣ በኋላ በኮምፒዩተር የምትደክሙት ድካም ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ሙያ ሲያስብ ትዝ የሚለው አንጎል ውስጥ የሚተከለው ኤሌክትሮድ (ሲግናሉን የሚቀበለው ትንሽ ብረት) ነው። እውነትም ድንቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአንገቱ በታች ሽባ የነበረው ማቲው ኔግል በተተከለለት ኤሌክትሮድ አማካይነት የኮምፒዩተር ጠቋሚ በሐሳቡ ማንቀሳቀስ ችሏል። ግን አዲስ ተማሪ የሚጀምረው ከዚያ አይደለም። የሚጀምረው ከኢኢጂ ነው፤ ማለትም ቆብ አልብሶ፣ ጄል ቀብቶ፣ ከራስ ቆዳ ላይ ከሚቀዳው።

እዚያ ላይ የምናገኘው ሲግናል እጅግ ትንሽ ነው። ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት አካባቢ። ደረት ላይ የሚቀዳው የልብ ሲግናል ወደ 1 ሚሊቮልት፣ ማለትም ወደ 1,000 ማይክሮቮልት ስለሚጠጋ ከዚህ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሃንስ በርገር ጀርመን አገር፣ ዬና ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጭንቅላት ላይ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ያሳተመው ግን በ1929 ነው። ያየው ነገር በእርግጥ ከአንጎል የመጣ መሆኑን ሲያጣራ ቆይቶ ማለት ነው። ያ ጥርጣሬ ዛሬም ለናንተ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ላይ የሚወዛወዝ መስመር ሁሉ አንጎል አይደለም።

ወረቀቱን አስቀድሙ

በመጀመሪያው ሳምንት የስነ ምግባር ሥልጠናውን በኦንላይን ጨርሱ። ከዚያ ስማችሁ በጥናቱ ፈቃድ ላይ መጨመሩን የጥናቱን አስተባባሪ ጠይቁ። ስማችሁ ሳይገባ ማንንም ተሳታፊ አትንኩ፤ «ቆቡን ብቻ ልያዝልህ» እንኳን አይሆንም። የስምምነት ቅጹን ደግሞ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ተሳታፊው «መሃል ላይ ቢሰለቸኝስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን እዚያው ማወቅ አለባችሁ። መልሱም፦ በፈለገበት ሰዓት ማቆም ይችላል፣ ምክንያት እንኳን አይጠየቅም።

ተሳታፊው ከቤቱ ሳይወጣ

ጥሩ ቅጂ የሚጀምረው ከአንድ ቀን በፊት፣ በስልክ ነው። ፀጉሩን በሻምፑ ብቻ ታጥቦ እንዲመጣ ንገሩት። ኮንዲሽነር፣ ቅባት፣ ጄል አይቀባ። የኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ቅቤውንም በስሙ ጥሩት። «ቅባት አትቀቢ» ስትሏት ቅቤውን ከቅባት የማትቆጥር እናት ትኖራለች። ቅባት በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ከገባ ሲግናሉ አያልፍም።

እዚያው ስልክ ላይ ስለ ፀጉር አሠራሩ ጠይቁ። ይሄን ጥያቄ ብዙ ላብራቶሪ አይጠይቅም፣ እኔ ግን አጥብቄ እይዘዋለሁ። ቆቦቹና ኤሌክትሮዶቹ የተሠሩት ለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ታስቦ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ቆቡ ይነሳል፣ ኤሌክትሮዱም ቆዳ ሳይነካ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጥቁር ተሳታፊዎች ከብዙ ጥናት ውጭ ሲደረጉ ኖረዋል። ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የምትባል ተማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ለዚህ መላ አምጥታለች። ፀጉሩን ኤሌክትሮዶቹ የሚያርፉበትን መስመር ጠብቆ ቁጥርጥር አድርጎ መሥራት፣ ከዚያ በሹሩባው ሥር ተይዞ ቆዳ ላይ የሚጫን ኤሌክትሮድ መጠቀም።

ሹሩባ ስትሠሩ ላደጋችሁ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለ ሙያ ነው፣ አትደብቁት። ተሳታፊዋ ሹሩባ ተሠርታ የምትመጣ ከሆነ መስመሮቹ ወደየት እንደሚሄዱ ጠይቁ። ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ከሄዱ ብዙ ጊዜ ሳይፈታ ይሠራል። መፍታት ካለበት ቀድማ ትወቅ። ወንበር ላይ ካስቀመጣችኋት በኋላ «ፍቺው» ማለት ነውር ነው። ገንዘብና ጊዜ አውጥታበታለች።

ልኬትና ጄል

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። መጀመሪያ የጭንቅላቱን ዙሪያ ለኩና ልኩ የሆነውን ቆብ ምረጡ። ከዚያ በአፍንጫና በግንባር መካከል ካለው ጎድጓዳ ተነስታችሁ፣ በመሃል አናት አልፋችሁ፣ ከማጅራት በላይ በጣት ሲነካ እስከሚታወቀው የአጥንት ጉብታ ድረስ ለኩ። 36 ሳንቲሜትር ወጣ እንበል። ግማሹ 18 ነው፣ አናቱ ላይ ያለው ሲ-ዜድ (Cz) የሚባለው ኤሌክትሮድ የሚያርፈው እዚያ ነው። አሥር በመቶው 3.6 ነው፣ ግንባር ላይ ያለው የመጀመሪያው ነጥብ ያ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮም ለኩና ሲ-ዜድ መሃል መሆኑን አረጋግጡ። 10-20 የሚባለው የኤሌክትሮዶች አቀማመጥ ስሙን ያገኘው ከነዚህ መቶኛዎች ነው። ቆቡን በአይን ገምቶ መጫን ይቅር። ዛሬ ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ወደ ፊት ከሆነ የምታወዳድሩት ሁለት የተለያየ ቦታ ነው።

አሁን ጄሉ። መጀመሪያ ግራውንድና ሬፈረንስ የሚባሉትን ሁለት ኤሌክትሮዶች ሙሉ። ሁሉም ቻናል (ከአንድ ኤሌክትሮድ የሚመጣው መስመር) የሚለካው ከሬፈረንሱ ጋር እየተነጻጸረ ስለሆነ፣ እሱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ። ጫፉ ያልሾለውን የሲሪንጅ መርፌ በቀዳዳው አስገቡ፣ በመርፌው ጫፍ ፀጉሩን ወደ ግራና ቀኝ ክፈቱ፣ ቆዳው ጋ ስትደርሱ በቀስታ ሁለት ሦስቴ አዙሩ። የሞተውን የላይኛውን ቆዳ ትንሽ ማንሳት በቂ ነው፤ መቧጨር የለም። ከዚያ ጄሉን እየገፋችሁ መርፌውን ወደ ላይ ሳቡ። ጄሉ ከቆዳው ተነስቶ እስከ ኤሌክትሮዱ የሚደርስ ዓምድ እንዲሆን ነው።

አዲስ ሰው ሁሌም ጄል ያበዛል። ጄሉ ፈስሶ ከጎረቤቱ ኤሌክትሮድ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ይሆናሉ። አደገኛነቱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያማረ መምሰሉ ነው። ኢምፒዳንሱም፣ ማለትም ሲግናሉ ከቆዳ ወደ ኤሌክትሮድ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ፣ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሁለት ጎረቤት ቻናሎች ቁርጥ መንትያ ሆነው ካያችኋቸው ጠርጥሩ።

አምፕሊፋየር (ሲግናሉን የሚያጎላው መሣሪያ) በኤሌክትሮዱ ላይ ለሌለው ለተለመደው ዓይነት ኢምፒዳንሱን ከ5 ኪሎ ኦም በታች እናወርዳለን። አክቲቭ ለሚባሉት ኤሌክትሮዶች ከፍ ያለም ይፈቀዳል፣ የአምራቹን መመሪያ እዩ። ቁጥሩ አልወርድ ካለ ቶሎ መርፌ አታንሱ። ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ጄሉ ቆዳው ውስጥ ሲገባ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እስከዚያ ተሳታፊውን አጫውቱት።

ከመቅዳት በፊት አይናችሁን አሠልጥኑ

ስክሪኑን ወደ ተሳታፊው አዙሩና «አይንህን አርገብግብ፣ ጥርስህን ንከስ» በሉት። የአይን ሽፋኑ ሲንቀሳቀስ ግንባር ላይ ያሉት ቻናሎች ይዘላሉ። ጥርሱን ሲነክስ ሁሉም መስመር ጥቁር ይሆናል። በነገራችሁ ላይ «አትንቀሳቀስ» እያላችሁ አሥር ጊዜ ከምትለምኑት ይሄ አንድ ደቂቃ ይበልጣል። ለምን ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳለበት ራሱ አየው።

ቀጥሎ አይኑን ይጨፍን። ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያሉት ኦ-1 እና ኦ-2 ላይ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይነሳል። አልፋ የሚባለው ነው። አይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። ይሄን በአይናችሁ ካያችሁ ገመዱም፣ ጄሉም፣ የቻናሎቹ ስምም በአብዛኛው ልክ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ አልፋው ደካማ ነው፣ ያኔ አትደናገጡ። ሞገዱ ግንባር ላይ ብቻ ጎልቶ ከመጣ ግን ገመዶቹ ተቀያይረው እንዳይሆን አረጋግጡ።

የመብራት ጩኸት፣ ማለትም ከመብራት መስመር ወደ ሲግናሉ የሚገባው ሁከት፣ ሌላው ጣጣ ነው። አሜሪካ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ)፣ ኢትዮጵያና አውሮፓ 50 ሄርዝ። ሰው ወዲያው ጩኸቱን በኮምፒዩተር ወደሚያጠፋው ፊልተር ይሮጣል። መጀመሪያ ምንጩን አድኑ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፣ እዩ። የሚስተካከለውን ወንበር ከሶኬት ንቀሉ፣ እዩ። የጠረጴዛውን መብራት አጥፉ፣ እዩ። የተሳታፊውን ስልክ ከክፍሉ አውጡ። ጩኸቱ አንድ ቻናል ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የክፍሉ አይደለም፣ የዚያ ኤሌክትሮድ ነው፤ ተመለሱና ጄሉን አስተካክሉ። ሌላ አገር ከተቀዳ ዳታ ጋር ስትሠሩ ደግሞ ኮዳችሁ ውስጥ 60 ተብሎ የተጻፈው 50 መሆን እንዳለበት አትርሱ።

የሚኒሶታ ክረምት የራሱ ጠባይ አለው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰው የሱፍ ሹራብ ለብሶ ይመጣል፣ በሩን ሲነካ በኤሌክትሪክ ይቆነጠጣል። ሹራቡን ያውልቅ፣ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ ክፈቱ። በጋ ላይ ደግሞ ችግሩ ላብ ነው። መስመሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተቱ ካያችሁ ክፍሉን አቀዝቅዙ።

ሰዓቱን አትመኑ

እ.ኤ.አ. በ1988 ፋርዌልና ዶንቺን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው እጁን ሳያንቀሳቅስ ፊደል እንዲመርጥ የሚያስችል ዘዴ አሳተሙ። ፊደላቱ በረድፍና በአምድ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የምትፈልገው ፊደል ሲበራ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንጎልህ ምላሽ ይሰጣል። ዛሬም ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚሞክሯቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ታዲያ ብልጭታው በትክክል መቼ እንደታየ በማወቅ ላይ ነው።

ኮዱ «አብራ» ያለበት ሰዓትና ስክሪኑ በእርግጥ የበራበት ሰዓት አንድ አይደለም። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ አንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) ብቻ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። መዘግየቱ ሁሌም እኩል ቢሆን ቀንሶ መተው ይቻላል። አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ከሆነ ግን የብዙ ብልጭታዎችን አማካይ ስትወስዱ ምላሹ ይደበዝዛል። ስለዚህ ብርሃን የምትለካ ትንሽ ሴንሰር ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፉና ሲግናሉን ከኢኢጂው ጋር አብራችሁ ቅዱ። ይሄን ሳታደርጉ ተሳታፊ አትጥሩ።

ሲቀዳ ደግሞ ደብተር ያዙ። ሳለ፣ አንቀላፋ፣ ኮሪደሩ ላይ በር ተንኳኳ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ ጻፉ። ቡና ጠጥቶ፣ ጾሞ ወይም ሌሊት ሲሠራ አድሮ እንደመጣም ጠይቃችሁ መዝግቡ። ጥሬው ፋይል አይነካም፤ በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ ማስተካከያ የሚደረገው ከሱ በተባዛው ፋይል ላይ ነው።

ሲያልቅ

ቆቡን ስታወልቁ የሰውየው ፀጉር በጄል ተለውሷል። ሙቅ ውሃ፣ ሻምፑ፣ ንጹህ ፎጣና የፀጉር ማድረቂያ ዝግጁ ይሁን። እዚህ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይሆናል። ሰው ፀጉሩ እንደረጠበ አይሸኝም። የሚከፈለውንም በቀጠሮው መጨረሻ፣ ሳይጠይቅ ስጡት። ቆቡን ወዲያው ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ። ጄሉ ከደረቀ ማስለቀቁ መከራ ነው፣ በብረት ከፋቃችሁት ደግሞ የኤሌክትሮዱ የብር ክሎራይድ ሽፋን ይነሳል።

ይሉኝታ

ይሄን ለኛ ልጆች ለብቻው ልንገራችሁ። ፕሮፌሰሩን በስሙ ብቻ መጥራት መጀመሪያ ይከብዳል፣ ይለመዳል። የባሰው ያልገባንን ነገር «እሺ» ብሎ መውጣት ነው። እኛ አገር አክብሮት ነው። እዚህ ግን «እሺ» ካላችሁ ገብቷችኋል ተብሎ ይታለፋል፣ ከሳምንት በኋላም ውጤቱን አምጡ ትባላላችሁ። «አልገባኝም፣ አንዴ ታሳየኛለህ?» ማለት ልመዱ። ከፕሮፌሰሩ በፊት ደግሞ ሠራተኛውን ጠይቁ። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፣ እኛ እዚሁ ነን። የትኛው ገመድ ሲታጠፍ እንደሚቆራረጥ፣ የትኛው ቻናል እንደሚያስቸግር የምናውቀው እኛ ነን። አማካሪያችሁ ጋ ስትገቡም የተጣራውን ግራፍ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፣ ጥሬውን ሲግናል አብራችሁ አሳዩ።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆናችሁ ለምታነቡ

ቆብም አምፕሊፋየርም ባይኖር አይናችሁን ማሠልጠን ትችላላችሁ። ፊዚዮኔት በተባለው ድረ ገጽ ላይ የ109 ፈቃደኞች የኢኢጂ ቅጂ በነጻ ተቀምጧል። 64 ቻናል ነው፣ በሰከንድ 160 ናሙና ተወስዷል። ኤምኤንኢ የተባለውን የፓይተን ፕሮግራም ጫኑ፣ እሱም ነጻ ነው። ኢንተርኔቱ ካስቸገረ የአንድ ሰው ፋይል ብቻ አውርዱ። የመጀመሪያው ቅጂ አይን ተገልጦ፣ ሁለተኛው ተጨፍኖ የተቀዳ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቱና ኦ-1 እና ኦ-2 ላይ አልፋውን ፈልጉ። ከዚያ ሌሎች ሰዎችን እየጨመራችሁ ማን ላይ እንደሚጎላ፣ ማን ላይ እንደሚደክም፣ የትኛው ቻናል የተበላሸ እንደሚመስል ደብተር ላይ ጻፉ። ለላብራቶሪ ስታመለክቱ ያንን ደብተር ጥቀሱ። እኔ አመልካች ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለሱ ነው።