አምስተኛውን ፒቸር ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤዝቦል የሚከታተል ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቡድኑ ዋና ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሐበሾችም ከዚህ አናመልጥም። ኮከቡ ፒቸር ማክስ ሸርዘር በከተማችን ቡድን በናሽናልስ በነበረበት ዘመን ስታዲየም ለመሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ "ዛሬ ማነው የሚወረውረው?" ነበር። መልሱ "አምስተኛው" ከሆነ "ለምን ሌላ ቀን አንሄድም?" የሚል አይጠፋም።

ለአዲስ ተመልካች ባጭሩ ልናገር። በሜጀር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው። ክንድ ደግሞ በየቀኑ አይወረወርበትም። ስለዚህ ጨዋታ የሚጀምሩት ፒቸሮች፣ ስታርተር የሚባሉት፣ ለአምስት ተራ ይገባሉ። ከተራው መጨረሻ ስላሉት ስለ አራተኛውና ስለ አምስተኛው የሚወራው ነገር አብዛኛው ፍርደ ገምድል ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ከኮከቡ ጋር ማወዳደር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አምስተኛው ቢጎዳ ሸርዘር የእሱን ተራ ደርቦ አይወረውርም። የሚመጣው ከታችኛው ሊግ የተጠራ ልጅ ወይም ሌላ ቡድን ያሰናበተው ሰው ነው። መጠየቅ ያለብን "እሱ ባይኖር ማን ይወረውር ነበር?" ብለን ነው።

ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2021 110 ጨዋታ ተሸነፈ። ለ2022 ጆርዳን ላይልስን አስፈረመ። ዋናው ፒቸራቸው ጆን ሚንስ ገና በኤፕሪል ክርኑን ተጎድቶ ዓመቱ አበቃለት። ላይልስ ግን 32 ጨዋታ ጀመረ፤ 179 ኢኒንግ ወረወረ (አንድ ጨዋታ በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ ይከፈላል)። ኢአርኤው 4.42 ነበር። ኢአርኤ ማለት ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ በአማካይ የሚገባበት ነጥብ ነው፤ በጓደኞቹ ስህተት የገባው አይቆጠርበትም። 4.42 ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት 83 ጨዋታ አሸነፈ። ላይልስ ብቻውን አመጣው አልልም፤ አድሊ ራችማንን የመሰለ ልጅ የመጣውም ያኔ ነው። ቢሆንም እነዚያን 179 ኢኒንጎች የሆነ ሰው መወርወር ነበረበት።

ኢአርኤ አይቶ ኢኒንግ አለመቁጠር

አንዱ ፒቸር 6 ኢኒንግ ወርውሮ 4 ነጥብ ገባበት። ሌላው በ3 ኢኒንግ 2 ነጥብ ገባበትና ወጣ። የሁለቱም የቀኑ ኢአርኤ 6.00 ነው። ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው። ሁለተኛው ግን 6 ኢኒንግ ለተቀያሪዎቹ ጥሎ ሄዷል። ዋጋው የሚከፈለው ነገ ነው፤ አንዳንዴም ከነገ ወዲያ። የደከመ ተቀያሪ በ8ኛው ኢኒንግ መሪነት ሲያስነጥቅ ግን ትናንት ቶሎ የወጣውን ሰው ማንም አያስታውሰውም።

ለዚህ ከቦስተን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ኦክቶበር 16 ቀን 2004፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የጥሎ ማለፍ ዙር፣ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ በራሱ ሜዳ በያንኪስ 19 ለ 8 ተቀጠቀጠ። በተከታታይ ሦስተኛ ሽንፈቱ ነበር፤ አንድ ከጨመረ መሰናበቱ ነው። ቲም ዌክፊልድ በማግስቱ አራተኛውን ጨዋታ ሊጀምር ተራው ደርሶ ነበር። የዓመቱ ኢአርኤ 4.87 ነው፤ ኮከብ አይደለም። ጨዋታው እንደተበላሸ ሲያይ ለአሰልጣኙ ለቴሪ ፍራንኮና "እኔ ልግባ" አለ። የነገ ተራውን ትቶ ከ3 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፤ እሱም ቢሆን ነጥብ ገባበት። ተቀያሪዎቹ ግን ክንዳቸው ተረፈ።

በማግስቱ ጨዋታው እስከ 12 ኢኒንግ ሄደ፤ ቦስተን አሸነፈ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ 14 ኢኒንግ ፈጀ። የመጨረሻዎቹን 3 ኢኒንጎች ያለ ነጥብ የዘጋው ራሱ ዌክፊልድ ነው። ሬድ ሶክስ ከ0 ለ 3 ተነስቶ ያንኪስን ጣለ፤ ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫም በላ። የዌክፊልድን ተራ ወስዶ አራተኛውን ጨዋታ የጀመረው ዴሪክ ሎው ደግሞ በ5.42 ኢአርኤ ምክንያት ከስታርተርነት ወርዶ የነበረ ሰው ነው። ሰባተኛውንም ጨዋታ፣ ዋንጫው የተነሳበትንም ጨዋታ ጀምሮ ያሸነፈው እሱ ሆነ።

በማሸነፍና በመሸነፍ ቁጥር መፍረድ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቤዝቦል የጨዋታውን ድልና ሽንፈት በፒቸር ስም ይመዘግባል። ጄከብ ዲግሮም በ2018 ኢአርኤው 1.70 ሆኖ 10 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ግን ወሰደ። መቺዎቹ ነጥብ ካላስቆጠሩ ፒቸር ምን ያድርግ?

"ኦክቶበር ላይ አያስፈልግም" ማለት

ግማሽ እውነት አለው። ኦክቶበር ላይ በሚደረገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ በፕሌይኦፍ፣ የእረፍት ቀን ስለሚበዛ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ወንበር ያሞቃል። አራተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2019 ናሽናልስ ዶጀርስን ለመጣል ሦስቱን ዋና ስታርተሮቹን፣ ሸርዘርን፣ ስትራስበርግንና ኮርቢንን፣ አሟጦ ተጠቀመ። ካርዲናልስን ሊገጥም ሴንት ሉዊስ ሲደርስ የቀረው አኒባል ሳንቼዝ ነበር። ሳንቼዝ ዓመቱን በ6 ሽንፈት፣ ያለ አንድ ድል የጀመረ ሰው ነው። ያን ምሽት የመጀመሪያው ሂት (መቺውን በደህና ቤዝ የሚያደርስ ምት) የተመታበት በ8ኛው ኢኒንግ ሁለት መቺ ካስወጣ በኋላ ነው። 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ቀጥሎም ካርዲናልስን 4 ለ 0 ጠርገው አሰናበቱ።

አምስቱ ይበቃሉ ብሎ ማሰብ

ሲያትል ማሪነርስ በ2003 ዓመቱን ሙሉ በአምስት ስታርተሮች ብቻ ጨርሷል። ይሄ እስከ ዛሬ የሚወራው እንደ ተአምር ስለሚቆጠር ነው። ሌላው ቡድን ስድስተኛና ሰባተኛ ሰው መጥራቱ አይቀርም። ስለዚህ በየአምስት ቀኑ ሳይጎዳ የሚገኝ ሰው ራሱ ዋጋ አለው።

ኢኒንግ የሞላ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት

ይሄኛው እንደ እኔ ዓይነቱ፣ አምስተኛውን ፒቸር የሚወድ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው። ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ያንኑ ላይልስን ለሁለት ዓመት በ17 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በ2023 31 ጨዋታ ጀመረ፤ 6 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፤ ኢአርኤው 6.28 ሆነ። የእኛው ኮርቢንም በ2022 31 ጨዋታ ጀምሮ በ6.31 ጨርሷል። ገና ከስር እየተገነባ ያለ ቡድን የልጆቹን ክንድ ለማትረፍ ሲል ይህን ሊታገስ ይችላል። ዋንጫ የሚያስብ ቡድን ግን አይችልም። እኔ መስመሩን 4.50 አካባቢ አሰምራለሁ፤ 6 ኢኒንግ ወርውሮ 3 ነጥብ የሚገባበት ሰው ማለት ነው። ሮያልስ በ2023 106 ጨዋታ ተሸነፈ። ለ2024 ስታርተሮቹን ሴት ሉጎንና ማይክል ዋካን አመጣ፤ ላይልስ ከስታርተርነት ወረደ፤ ቡድኑ 86 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ።