ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ተራራ ልትወጡ ነው? ከጫማው በፊት ሂሳቡ

ተራራ ወጥቼ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ ያለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጫማ ነው። ጫማው ይደርሳል ባካችሁ። መጀመሪያ የሚለየው ሂሳቡ ነው፣ ማለትም ትኬቱ፣ ጋይዱ፣ የፓርክ መግቢያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቲፑ ምናምን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? አንዳንድ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጉዞውን ራሳቸው ያዘጋጁና ይሄን ያህል ካሰባሰብክ ትሄዳለህ ይላሉ፣ እንደዛ ሲሆን ከተሰበሰበው ላይ የጉዞው ወጪ ሊነሳ ይችላል። ስርቆት አይደለም፣ ግን የሚሰጠው ሰው ማወቅ አለበት። እኔ ኪሊማንጃሮን ስወጣ ወጪዬን ራሴ ችዬ ነው የሄድኩት፣ የመጀመሪያው ፖስቴ ላይም "ትኬቴን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ከምትሰጡት ላይ አንድ ሳንቲም ተራራው ላይ አይውልም" ብዬ ጻፍኩ። ለሽርሽርህ ነው እንዴ የምንከፍለው የሚል አይጠፋም፣ መልሱን ቀድማችሁ አስቀምጡት።

ድርጅቱን ስትመርጡ "ካንሰር" ከሚለው ቃል አልፋችሁ ጠይቁ። የላብራቶሪ ጥናት፣ አዲስ መድሃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት፣ የታማሚ ድጋፍ፣ ቅድመ ምርመራ፣ ሁሉም ለየቅል ነው። ገንዘቡ ለምርምር ተለይቶ ይቀመጣል ወይስ ጠቅላላ በጀት ውስጥ ይገባል ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ስማቸውንና ሎጎአቸውን ለመጠቀምም ፈቃድ ያዙ። ገንዘቡ ቀጥታ ወደነሱ ይግባ። በግል አካውንታችሁ አትሰብስቡ፣ እናንተ ቅዱስ ብትሆኑ እንኳ ከሶስት ወር በኋላ አንድ ሰው "ደረሰኙስ?" ሲል የምታሳዩት ነገር ያስፈልጋችኋል።

አሁን ልመናው። ያው ልመና ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም አይገኝለትም። እኔ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ግሩፕ ላይ ሊንኩን ወርውሬ ጠበቅኩ፣ "ጎበዝ!" "በርታ ወንድሜ!" እና የጡንቻ ኢሞጂ ዘነበ፣ ገንዘብ የላኩት ሶስት ሰዎች ናቸው። ከዛ ስልቱን ቀየርኩ። መጀመሪያ ራሴ ሰጠሁ፣ ምክንያቱም ዜሮ የሚል ፔጅ ላይ ማንም ቀዳሚ መሆን አይፈልግም፣ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ለየብቻ ጻፍኩ፣ የምጠይቀውንም ቆርጬ ተናገርኩ። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፣ ስለዚ ሜትሩን ሸጥኩት! "100 ሜትር ውሰድልኝ" ስትለው ሰው ይስቅና ይወስዳል። አንዷ ጓደኛዬ የመጨረሻዎቹን 62 ሜትሮች ካልሰጠኸኝ አለች፣ እናቷ በ62 ዓመታቸው ነበር ያረፉት። (ይሄን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። የሰው ህመም የናንተ ማስታወቂያ አይደለም፣ ሳትጠይቁ የማንንም ታሪክና ፎቶ አትለጥፉ።)

ዝግጅቱን ከ4 እስከ 6 ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ጂም ግዴታ አይደለም፣ ደረጃ በቂ ነው፣ ቦርሳችሁን በውሃ ጠርሙስ ሞልታችሁ መውጣት መውረድ። ሰው ሁሉ ለመውጣቱ ይለማመዳል፣ ጉልበት የሚጨርሰው ግን መውረዱ ነው፣ ጥፍርም እንደዛው። ጫማችሁን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት፣ ጣታችሁ ፊቱን ከነካ አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ የእግር ጥፍራችሁንም አሳጥሩ። እኔ ሳላሳጥር ሄጄ ሁለት ጥፍር ተራራው ላይ ትቼ መጣሁ።

ጉልበታም ብትሆኑም ከፍታ አይምራችሁም። 5,500 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ግማሽ ገደማ ነው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም እንደዛው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየ3 ወይ 4 ቀኑ ደግሞ አንድ የእረፍት ቀን ይኑር። ስለዚ የ5 ቀን ፓኬጅ ረከሰ ብላችሁ አትግቡበት፣ 7 ወይ 8 ቀን ያለውን ያዙ። ለከፍታ ህመም መከላከያ የሚወሰደውን ዳያሞክስ የሚባል ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት ሀኪም አማክሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መቀጠሉን አቁሙ፣ ሰውየው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሊነጋ ነው ሳይባል ወዲያው ይወርዳል።

እዚህ ጋ የብዙ ሰው ችግር "ሰው ገንዘብ ሰጥቶኝ እንዴት እመለሳለሁ?" የሚለው ነው። ቴሪ ፎክስን አስቡት። በካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣ ካናዳዊ ወጣት ነው፣ በ1980 በሰው ሰራሽ እግር ካናዳን አቋርጣለሁ ብሎ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ሮጠ፣ በ143 ቀን 5,373 ኪሎሜትር ሄዶ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ስለተገኘ አቆመ። አልጨረሰም'ኮ። በስሙ ዛሬም በየዓመቱ ሰው ይሮጣል። ሜትር ስትሸጡም "ጫፍ ባልደርስም ገንዘቡ ለምርምሩ ነው" ብላችሁ ከስር ጻፉ፣ ያቺ መስመር እዛ ላይ ትዝ ስትላችሁ ለመመለስ ድፍረት ትሰጣለች።

ጫፍ የሚወጣው ሌሊት ነው። የውሃ ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ያዙ፣ ውሃ በረዶ መስራት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ ጋ አይደፈንም። ስልኩን ከውስጥ ልብስ ስር፣ ሰውነታችሁ ጋ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። ባነር ከያዛችሁ ደግሞ ሁለቱ ጫፍ ላይ በጓንት የሚያዝ ገመድ አስራችሁ ሂዱ፣ እኔ አላሰርኩም፣ ጣቴ ደንዝዞ ነፋሱ እየነጠቀኝ ባነሩ ተገልብጦ ፎቶ ተነሳሁ። ፊቴ አብጦ፣ ንፍጤ ደርቆ፣ "ለካንሰር ምርምር" የሚለው ጽሁፍ ተዘቅዝቆ።

ስመለስ ሊንኩን ሳልዘጋ ያችኑ ፎቶ ከድርጅቱ ደረሰኝ ስክሪንሾት ጋር ለጠፍኳት። ግሩፑ ላይ በርታ ብለውኝ ከጠፉት ውስጥ አስራ አንዱ የዛን ቀን ማታ ላኩ።