የመጠጥ ውሃ ሲበከል ምን ይደረግ? ለሰሜን ሸዋ የገጠር ከተሞችና የውሃ ኮሚቴዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የመጠጥ ውሃ መበከሉን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ጠዋት ማታ ከቦኖው የሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ናቸው። «ውሃው ሸተተ»፣ «ከትናንቱ ዝናብ ወዲህ ደፍርሷል»፣ «ልጆቹን ሁሉ ያስቀምጣቸዋል» የሚሉት ንግግሮች ወደ ቀበሌው ጽህፈት ቤት ሲደርሱ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ምሬት ይታለፋሉ። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪ በሌለበት የገጠር ከተማ የነዋሪው ቅሬታ በእጅ ያለ የመጀመሪያው የምርመራ መረጃ ነው፣ በሥርዓት ከተመዘገበም ብክለቱ ከየት እንደገባ ለማመልከት በቂ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የውሃ ኮሚቴው ከሁሉ በፊት አንድ መዝገብ ይክፈት። ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ጎጥ፣ የቀዳበትን ቦኖ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የውሃውን ሽታ፣ ቀለምና ጣዕም፣ በቤቱ የታመመ ሰው መኖሩንና ዕድሜውን፣ በዚያ ሰሞን ዝናብ መጣሉንና ውሃው ተቋርጦ መቆየቱን ይጻፍበት። ሃያና ሠላሳ ቅሬታ ከተሰበሰበ በኋላ መስመሩ ራሱ ይታያል። ቅሬታው ከሁሉም ቦኖዎች የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ከምንጩ ወይም ከማጠራቀሚያው ነው። ከአንድ የመስመር ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ቧንቧው ተሰብሯል ወይም አንጓው ላልቷል ማለት ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅባቸው ከተሞች ይህ የተለመደ ነው፤ መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ግፊቱ ስለሚወርድ በቀዳዳው በኩል በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ቅሬታው ተበታትኖ ከጥቂት ቤቶች ብቻ ከመጣ ደግሞ ጀሪካኑንና እንስራውን መመልከት ይገባል።

ማስታወቂያው ውጤት እስኪመጣ አይዘግይ

የባክቴሪያ ምርመራ ናሙናው ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ እንኳ ቢያንስ 18 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአንኮበር ተራሮች ተነሥቶ እስከ ላቦራቶሪው ድረስ ያለው መንገድ ሲጨመርበት፣ በተለይ በክረምት፣ ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ቀናት ሕፃናት ሊታመሙ ስለሚችሉ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ የሚወጣው ጥርጣሬው በተነሣበት ዕለት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የውሃ ኮሚቴው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በአንድነት ይወስኑ፤ ለወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽህፈት ቤትና ለወረዳው ጤና ጽህፈት ቤትም በዚያው ዕለት በስልክ፣ ቀጥሎም በደብዳቤ ይታወቅ።

ቃሉ አጭርና አንድ ዓይነት ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ከላይኛው ምንጭ በሚመጣው ውሃ ላይ የመበከል ምልክት ታይቷል። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ውሃ ሳታፈሉ ወይም በክሎሪን ሳታክሙ አትጠጡ፤ ለሕፃናትም አትስጡ። ልብስ ለማጠብ መጠቀም ትችላላችሁ። ናሙና ተልኳል፤ የደረሰበትን ሐሙስ ጠዋት በዚሁ ቦታ እንነግራችኋለን። የሚያስቀምጠው ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።» በዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቃል «ሐሙስ» የሚለው ነው። ቀን ተቆርጦ የተነገረው ሕዝብ ይጠብቃል፤ «በቅርቡ» የተባለ ግን ራሱ መልስ መፈለግ ይጀምራል። ሐሙስ ዕለት ውጤቱ ባይደርስም ወጥቶ «አልደረሰም» ማለት ግዴታ ነው።

ማስታወቂያው በወረቀት ከመለጠፉ ይልቅ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ በቃል መነገሩ ይጠቅማል፦ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወገን ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ፣ በእድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን። ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ከብዙ ቤት የሚደርስ መንገድ ስለሆነ ፈጽሞ አይዘለል።

በቤት ውስጥ ማከም፦ የደጋው ልዩ ጉዳይ

በደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ መፍላት እንዳለበት ይነገር፤ በቆላው 1 ደቂቃ ይበቃል። ኩበትና እንጨት በተወደደበት አገር ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ውሃ በየቀኑ አፍልቶ መኖር ከባድ መሆኑን አውቆ፣ ኮሚቴው ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ክሎሪን ለማግኘት ይጣር።

የውሃ ማከሚያ እንክብል ሲታደል መጠኑ ከጀሪካኑ ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 67 ሚሊግራም የሆነው አኳታብስ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ መልክ ላለው ውሃ የተሠራ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለው ፈሳሽ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይጨመር። በሁለቱም ከ30 ደቂቃ በፊት መጠጣት አይገባም። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው በመጀመሪያ አጥልሎ፣ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ማጣራት ይቀድማል። ሽታ የተጨመረበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚታለፉ ሁለት ነገሮች አሉ። ቡና ስለሚፈላ ደኅና ነው ይባላል፤ ስኒው ግን የሚለቀለቀው ባልፈላው ውሃ ነው። ጠላም ሲጠመቅ የሚጨመርበት ውሃ በአብዛኛው ያልፈላ ስለሆነ በማስጠንቀቂያው ቀናት ለድግስ የሚጠመቅ ጠላ በታከመ ውሃ ይጠመቅ። የታከመው ውሃም አፉ ጠባብ በሆነና በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ፤ ጣሳ እየነከሩ መቅዳት የታከመውን ውሃ መልሶ ይበክለዋል።

ማፍላት የማይጠቅምበት ጊዜ

ፍርሃቱ የኬሚካል ብክለት ከሆነ ማፍላት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ውሃው ሲተን የቀረው ኬሚካል ይበረታል። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ ሽታ ካለ፣ ከብት ጠጥቶ ከወደቀ፣ ወይም ዓሣ ሞቶ ከታየ ቦኖው ወይም ምንጩ ወዲያውኑ ተቆልፎ ውሃ ከሌላ ቦታ በሮቶ ወይም በቦቴ ይመላለስ። በስንዴና በጤፍ አገር የመርጨት ሥራ በሚበዛበት ወቅት የመርጫ መሣሪያ በምንጭ ራስ ላይ ሲታጠብ ማየት እንግዳ አይደለም፤ ይህን የሚከለክል የቀበሌ ስምምነት ችግር ሳይደርስ መውጣት አለበት። ከማዳበሪያና ከእበት የሚመጣው ናይትሬት ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከ50 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ የጡጦ ወተት በዚያ ውሃ የሚበጠበጥላቸውን ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ይጎዳል። ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው የምንጃር ቆላ በኩል ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ፍሎራይድም ይመርመር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን፣ ከዚያ የበለጠ ውሃ ለዓመታት መጠጣት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል።

ከቦኖው ወደ ምንጩ በእግር መውጣት

ክሎሪን ጨምሮ ዝም ማለት ምክንያቱን ይሸፍነዋል። የኮሚቴው አባላት መዝገቡን ይዘው ከቦኖው ተነሥተው መስመሩን እየተከተሉ እስከ ምንጩ ድረስ፣ ከምንጩም በላይ እስከ ሸንተረሩ ድረስ በእግር ይውጡ። የማጠራቀሚያው ክዳን ይዘጋል ወይ? የአየር ማስተንፈሻው ወንፊት አለው ወይ? በምንጩ ራስ ላይ ጎርፍ የሚያስቀይር ቦይ ተቆፍሯል ወይስ ደለል ሞልቶታል? አጥሩ ቆሟል ወይስ ከብት ገብቶ ይተኛበታል? መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከጉድጓዱም ዝቅ ብሎ መሠራት ይገባዋል።

በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያለው ዋልካ መሬት የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ደርቆ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በአፈር ሳይጣራ በስንጥቁ በኩል እበቱንና ቆሻሻውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በዋልካ ላይ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ከሁሉ የሚያሰጋው ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት ነው። አፈሩ ሲንቀሳቀስ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶም ስለሚሰነጥቀው በየዓመቱ ከግንቦት በፊት መፈተሽና መጠገን አለበት።

ናሙና አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆነው ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ወይም ከጤና ጽህፈት ቤቱ የተመከነ ሆኖ ይምጣ፤ ክሎሪን ላለበት ውሃ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ጠርሙስ ይጠየቅ። የቦኖው አፍ ተጠርጎ በእሳት ከተለበለበ በኋላ ውሃው ጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፤ ከዚያ ክዳኑን ከውስጥ ሳይነኩ ይቀዳ። በበረዶ ማቀዝቀዣ ተይዞ ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ ግን ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ይድረስ። ከምንጩ፣ ከማጠራቀሚያው፣ ከቦኖውና ከአንድ ቤት ጀሪካን አራት ናሙና መውሰድ፣ ከአንድ ቦታ ብዙ ከመውሰድ ይልቅ ብክለቱ የገባበትን ቦታ ይለያል። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ዓይነ ምድር ወደ ውሃው መግባቱን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ፈጽሞ መገኘት የለበትም።

የእጅ ጉድጓድ በክሎሪን ሲታጠብ በመጀመሪያ የውሃው መጠን ይሰላል። የጉድጓዱ ስፋት (ዲያሜትር) 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 4 ሜትር ቢሆን፣ ወደ 3.1 ሜትር ኩብ ውሃ አለ። በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ለማድረስ 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ለአንድ ሜትር ኩብ 71 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጉድጓድ 225 ግራም አካባቢ ማለት ነው። ዱቄቱ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨመር፤ በዱቄቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ አደገኛ ነው። ጓንት ሳይደረግ አይነካም፣ ከነዳጅም ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ከተጨመረ በኋላ ጉድጓዱ ተቆልፎ 12 ሰዓት ይደር፤ በማግስቱ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ውሃው እየተቀዳ ከወንዝና ከማሳ በራቀ ቦታ ይደፋ። ብክለቱ የገባበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ግን ይህ ሁሉ ድካም በሚቀጥለው ዝናብ ከንቱ ይሆናል።

በስብሰባ ላይ

ሕዝቡን ሰብስቦ ማነጋገር ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ነው፤ እንደ ትርፍ ጉዳይ ሊታይ አይገባም። መዝገቡ በጉባኤ ይነበብ፤ ሰው የተናገረው መጻፉን ሲሰማ ያምናል። አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ ይህ መድኃኒት መካን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ቢጠይቁ አይሳቅባቸው። «አባቴ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በቦኖው ላይ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዕድሜ ልክ መጠጥ ያስቀመጠው ወሰን 5 ነው። እዚሁ እንለካልዎ» ብሎ ክሎሪን በሚለካበት የዲፒዲ እንክብል ውሃው ሲቀላ በፊታቸው ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

የተጠረጠረው ምንጭ ጠበል ከሆነ ኮሚቴው በቅድሚያ የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን ያማክር። ከጠበሉ በላይ ያለውን ቦታ ከከብትና ከመጸዳጃ መጠበቅ ሁሉም የሚስማማበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ውሳኔ ከካህናቱ ጋር በመመካከር የሚደረስበት ነው።

ብክለቱ ከድርጅት ወይም ከእርሻ ጣቢያ የሚለቀቅ ፍሳሽ ከሆነ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መንገድ ይሰጣል። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። አቤቱታው የገባበት ቀን በማኅተም ይረጋገጥ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የቅሬታ መዝገቡ፣ የናሙና ውጤቶቹና ቀን ያላቸው ፎቶግራፎች በአባሪነት ይያያዙ።

ማስጠንቀቂያው የሚነሣው ብክለቱ የገባበት ቀዳዳ ተደፍኖ፣ ክሎሪኑ ካለቀ በኋላ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ቢያንስ ሁለት ናሙናዎች ንጹሕ ሲሆኑ፣ አዲስ ታማሚም ሲጠፋ ነው። ማንሻውም ማስጠንቀቂያው በተነገረበት ቦታና በዚያው ሰው አፍ፣ የምርመራው ቁጥር ተነቦ ይነገር። የክሎሪኑ መጋዘን ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነና በሚቀጥለው ሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሳምንት ናሙና የሚወስደው ማን እንደሆነ በዚያው ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።